ራስህ የማታውቀውን ቋንቋ ለሚማር ጀማሪ መልስ ትሰጣለህ?

የመክፈቻው ጽሑፍ

የማወራችሁ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ስለተከፈተ ክር፣ ማለትም ከአንድ ጥያቄ ሥር ስለተደረደሩ መልሶች ነው። ጠያቂው ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለዓመታት የጻፈ፣ ጀማሪዎችን መርዳትም የሚወድ ሰው ነው። ሰሞኑን ጃቫስክሪፕት የሚባለውን ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ የምትማር አንዲት ጀማሪ ማካፈል አስቸግሯት ጻፈችለት። 7ን ለ2 ስታካፍል 3.5 ይመጣባታል፤ የምትፈልገው ግን ሙሉውን ቁጥር፣ 3ን ብቻ ነው። ጠያቂያችን ጃቫስክሪፕትን የሚያውቀው ከሩቅ ነው። ጥያቄው ግን ቀላል ስለመሰለው፣ በፓይተን እጁ የለመደውን ድርብ ስላሽ እንድትጠቀም ነገራት። መስመሩም ይህን መሰለ፦

ውጤት = 7 // 2;

በፓይተን ይህ 3 ይሰጣል። በጃቫስክሪፕት ግን ድርብ ስላሽ የኮሜንት ምልክት ነው። ከእሱ ወዲያ ያለው ሁሉ፣ 2ም ሴሚኮለኑም፣ ለኮምፒውተሩ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። የጎደለውን ሴሚኮለን ጃቫስክሪፕት ራሱ ይሞላና ውጤቱን 7 አድርጎ ያልፋል። ኤረር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ጠያቂው እንደሚለው ልጅቷ ምሽቱን ሙሉ ከዚያች መስመር ጋር ስትታገል አመሸች፤ እሱ ደግሞ በራሱ ኮምፒውተር ፓይተን ላይ እየሞከረ እኔ ጋ ይሠራል ይላታል።

እንግዲህ ጥያቄው፣ የማያውቁትን ቋንቋ ለሚማር ሰው መልስ መስጠት ይገባል ወይስ ዝም ማለት ይሻላል የሚል ነው። እስካሁን 20 መልስ ተሰብስቧል። አንዱ የኔ ነው፤ ምን እንደደረሰብኝ ቦታው ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

መልስ 1

በጨዋ ቋንቋ ነው የጀመረው። ጠያቂውን ጥፋቱን ሳይደብቅ ስለጻፈ አመስግኖ፣ ዝምታው እንደሚሻል ገለጸ። ምክንያቱ ልክ ይመስለኛል፦ ልምድ ያለው ሰው የተሳሳተ መልስ ሲያገኝ መልሱን ይጠረጥራል፣ ጀማሪ ግን የሚጠረጥረው ራሱን ነው። በጃቫስክሪፕት ትክክለኛው መንገድ ከነጥብ ወዲያ ያለውን የሚቆርጠው ማዝ ዶት ትራንክ መሆኑን ነግሮ፣ ብዙ ሰው የሚመክረው፣ ወደ ታች የሚያጠጋጋው ማዝ ዶት ፍሎር ደግሞ በኔጌቲቭ ቁጥር ላይ የተለየ ውጤት እንዳለው ጨመረ። -7ን ለ2 አካፍሎ ትራንክ ያደረገ -3 ያገኛል፣ ፍሎር ያደረገ -4። የፓይተን ድርብ ስላሽ የሚሰጠውም -4ን ነው። ስለዚህ የጠያቂው ምክር ኮሜንት ባይሆንባት ኖሮ እንኳ፣ ከዜሮ በታች ስትወርድ ያልጠበቀችውን ቁጥር ታገኝ ነበር።

መልስ 2

እኚህ አስተማሪ ናቸው፤ ከ1 ጋር አልተስማሙም። የጀማሪ ችግር አብዛኛውን ጊዜ የቋንቋው ሳይሆን የአካሄዱ ነው ባይ ናቸው። ምሳሌያቸውን ላስፋው፣ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት እሱን ስለሆነ።

ጃቫ (ስሙ ቢቀራረብም ከጃቫስክሪፕት የተለየ ቋንቋ ነው) ጽፈው አያውቁም። አንድ ተማሪ ከ1 እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች የሚደምር ፎር ሉፕ፣ ማለትም እየደጋገመ የሚዞር ትዕዛዝ፣ በጃቫ ጽፎ 55 ሲጠብቅ 45 መጣበት። ኮዱን ላከላቸው፤ ግማሹ አልገባቸውም። ወረቀት አውጥቶ ሁለት ዓምድ እንዲያሰምር ነገሩት፤ አንዱ ለቆጣሪው፣ አንዱ ለድምሩ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ትቶ በየዙሩ የሚሆነውን በእጁ እንዲሞላ አደረጉ። 1 ላይ ድምሩ 1፣ 2 ላይ 3፣ 3 ላይ 6፣ እንዲህ እያለ 9 ላይ 45 ደረሰ። ቀጥሎ ቆጣሪው 10 ሆነ። ሉፑ የሚቀጥለው ቆጣሪው ከ10 እስካነሰ ድረስ ነው ተብሎ ተጽፏል። 10 ከ10 ያንሳል ወይ ብለው ጠየቁት። ልጁ መልስ እንኳ አልላከም፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ 55 የሚል ስክሪንሹት ብቻ መጣላቸው። ያነሰ የሚለው ላይ ወይም እኩል የሆነን ጨምሮበታል። እሳቸው አሁንም ጃቫ አይጽፉም።

መልስ 3

ክሩን ለመከታተል ያህል እንደጻፈ ገልጾ አለፈ።

መልስ 4

እዚህ ነው ነገሩ የከረረው። 4 መልስ 2ን እርስዎ እያለ ጀምሮ በሦስተኛው መስመር አንቺ ማለት ያዘ፤ በመጨረሻም አላዋቂ ሳሚ የሚለውን ተረት ወረወረባቸው። ተረቱን እስከ መጨረሻው መጻፉ አላስፈለገም ነበር፤ እሱ ግን ከነንፍጡ ጻፈው።

ስድቡን ትተን ቁም ነገሩን ብናይ ግን ባዶ አልነበረም። ጀማሪው የሚሰምጠው በትንንሾቹ ምልክቶች ውስጥ እንደሆነ ይከራከራል፤ ማስረጃም ደረደረ። የቆብ ምልክቷን ውሰዱ። ሉዋ፣ ማትላብና አር በሚባሉት ቋንቋዎች ላይ 2 ^ 3 ሁለት በሦስት ከፍታ ነው፣ 8። ፓይተን፣ ሲና ጃቫስክሪፕት ላይ ያው ጽሑፍ 1 ይሰጣል፤ እዚያ ቆቧ ከፍታ ሳትሆን ቢቶችን፣ ኮምፒውተሩ ቁጥር የሚጽፍባቸውን 0ና 1፣ እያነጻጸረች የምትሠራ ናትና። ከዚያ የፐርሰንት ምልክት፦ ሲ ላይ የማካፈል ቀሪን የሚሰጥ ምልክት፣ ማትላብ ላይ ደግሞ ኮሜንት መጀመሪያ። ድርብ ስላሹ ራሱ ሉዋ ላይ ከ5.3 ጀምሮ እንደ ፓይተን ያካፍላል። አሬይ (ተራ በተራ የተደረደረ የዕቃ ዝርዝር) ደግሞ ፓይተን፣ ሲ፣ ጃቫና ጃቫስክሪፕት ላይ ከ0 ይቆጠራል፤ ሉዋ፣ አር፣ ጁሊያና ማትላብ ላይ ከ1። በመጨረሻም ኢንዴክሱ፣ የዕቃው ተራ ቁጥር፣ -1 ሲሆን ፓይተን የመጨረሻውን ዕቃ ይሰጣል፣ ጃቫስክሪፕት አንዲፋይንድ (ዋጋ የለውም) ይላል፣ ሲ ከአሬዩ ውጭ ያለውን ሜሞሪ ሊያነብ ይሄዳል፣ አር ደግሞ እንደ ፓይተን ነው ብሎ ዘጋ።

መልስ 5፣ 6 እና 7

5 የአሩን አረመ። አር ላይ -1 የመጨረሻውን አያመጣም፤ የመጀመሪያውን አውጥቶ ሌላውን ሁሉ ነው የሚሰጠው። 6 ራሱ 4 ነው። እርማቱን ተቀበለ፣ ግን ነገሩን ገልብጦ የኔን ክርክር አጠናከረልኝ አለ፤ በእርግጠኝነት የጻፈ ሰው እንኳ ከተሳሳተ፣ ጭራሽ የማያውቅ ለምን ይናገራል ነው ነገሩ። 7 በአንድ መስመር፣ እንግዲያው 4ም ዝም ማለት ነበረበት ሲል መለሰ። ከ4 በኩል ለትንሽ ጊዜ ድምፅ ጠፋ። ሳቅሁ፣ አልዋሽም።

ከመልስ 8 እስከ 11

እንዲህ ያለ ክር ሁሉ የሚሄድበት ቦታ ይታወቃል፦ በየትኛው ቋንቋ መጀመር ይሻላል ወደሚለው። 8 ፓይተን አለ፣ 9 ሲ ያልጀመረ ምኑን ፕሮግራመር ሆነ አለ፣ 10 ሁለቱንም አጣጣለ። ሦስቱም ስለ ጀማሪዋ ረስተዋል።

11 ግን ዕድሜም ንባብም ያለው ሰው መሰለኝ፤ ጠቡ የቆየ መሆኑን በታሪክ አስረዳ። ኬሜኒና ከርትዝ የተባሉ የሂሳብ መምህራን እ.ኤ.አ. በ1964 (ቀጥለው ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ዳርትመዝ ኮሌጅ ውስጥ ቤዚክ የሚባለውን ቋንቋ ሲያወጡ ያሰቡት የሳይንስ ተማሪ ላልሆኑትም ጭምር ነው። በ1967 ሎጎ መጣ፣ ልጆች ኤሊ እየነዱ ቅርጽ የሚሥሉበት። በ1970 ኒክላውስ ቪርት ፓስካልን ያወጣው ተማሪ ሥርዓት ያለው ፕሮግራም መጻፍ እንዲለምድ ነው። በ1975 ደግሞ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዲክስትራ በቤዚክ የጀመረ ተማሪን ከዚያ በኋላ በደንብ ማስተማር የማይቻል ያህል ነው ብሎ ጻፈ። 11 ራሱ በቤዚክ ነው የጀመረው፤ ዲክስትራን ሲያነብ ግን ጊዜው አልፎ ፓስካልና ሲ ተምሮ ነበር። በ2007 ስክራች ሲመጣ ሴሚኮለን የመርሳት ጣጣው ሁሉ ቀረ፣ ትዕዛዙ እንደ መጫወቻ ጡብ ስለሚገጣጠም። ከጠቡ ያሸነፈ ቋንቋ እንደሌለ ጠቅሶ ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ አለ። የሰማው የለም፤ 12 ግን ሳያስበው መለሰን።

መልስ 12

የእኩል ይሆናል ምልክትን ነው ያነሳው። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ፓይተን ልማር ብለው መጡበት። ሁለተኛው ትምህርት ላይ ቁ = ቁ + 1 ብሎ ሲጽፍላቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከራሱ በ1 የሚበልጥ ቁጥር የለም፤ 40 ዓመት ለተማሪ ስህተት ነው ሲሉ የኖሩትን ነገር እሱ ትክክል ነው ይላቸዋል። እሱም መጀመሪያ ተናደደ። ኋላ ላይ ልክ መሆናቸው ገባውና፣ ፓስካል ሁለት ነጥብና እኩል፣ አር ደግሞ ወደ ግራ የሚያይ ቀስት ስለሚጠቀሙ ይህ መምታታት እንደማይገጥማቸው አሰበ። ከዚያ ወዲያ ፓይተን ሲጽፍላቸው እንኳ በወረቀት ላይ ቀስት ነበር የሚያሰምረው፤ ከቀኝ ተሰልቶ ወደ ግራ የሚገባ።

ሰውየው ጃቫስክሪፕት ላይ ሲደርሱ ግን ሌላ ጣጣ። አንድ እኩል ዋጋ ይሰጣል፣ ሁለት እኩል ያወዳድራል፣ ሦስት እኩል ደግሞ ዓይነቱንም ጨምሮ ያወዳድራል። በሁለቱ እኩል ቁጥሩ 5 እና በትምህርተ ጥቅስ የተጻፈው 5 አንድ ናቸው፤ በሦስቱ አይደሉም። ሲ ላይ ኢፍ (ሁኔታን የሚፈትሽ ትዕዛዝ) ውስጥ በሁለት ፈንታ አንድ እኩል ብትጽፍ ኮምፓይለሩ፣ ኮዱን ለማሽኑ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ቢበዛ ያስጠነቅቅህ እንደሆን እንጂ አይከለክልህም፤ ፓይተን ግን ገና ሳይጀምር እምቢ ይላል። 12 ይህን ሁሉ የጻፈው ለ4 ድጋፍ ይሁን ለ2 አልገባኝም። ለሁለቱም ይሆናል።

መልስ 13

ይህ የኔ ነው። እኔም ልምከር ብዬ፣ ቋንቋ ቢለያይም አንዳንድ ነገር የትም አይለወጥም፣ እሱን ማስተማር አደጋ የለውም ብዬ ጻፍኩ። ለምሳሌ ያነሳሁት የስትሪንግን፣ ማለትም በኮድ ውስጥ ያለን ጽሑፍ፣ ርዝመት ነበር። ሰላም የሚለው ቃል ሦስት ፊደል ነው፣ በየትኛውም ቋንቋ ርዝመቱን ብትጠይቅ 3 ትባላለህ አልኩ። አሁን ሳነበው ፊቴ ይግላል።

መልስ 14

አራት ደቂቃ ነው የቆየው። ፓይተን 3፣ ጃቫና ጃቫስክሪፕት 3 ይላሉ፤ እስከዚያ ልክ ነኝ። ሲ ላይ ርዝመት በሚጠይቀው በኤስቲአር ሌን ቢጠየቅ ግን 9 ነው፤ ጎ የሚባለው ቋንቋ ላይም በሌን 9። ሁለቱም የሚቆጥሩት ፊደል ሳይሆን ባይት ነው፣ ፊደላትን ወደ ባይት በሚለውጠው በዩቲኤፍ 8 ደግሞ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ድሮ ፓይተን 2 ራሱ ተራ ስትሪንግ ላይ 9 ይል እንደነበርና የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ2008 ፓይተን 3 ሲመጣ መሆኑን ጨመረልኝ። ሲያርመኝ ወንድሜ እያለ ነበር። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

መልስ 15

የኔ ስህተት ክሩን ወደ ግዕዝ ፊደል ወሰደው። 15 ፓይተን 3፣ ጃቫና ጃቫስክሪፕት ቫሪያብልን (ዋጋ የሚቀመጥበትን ስም) በአማርኛ መሰየም እንደሚፈቅዱ ተናገረ፤ ድምር ወይም ዕድሜ ብሎ መጻፍ ይቻላል። ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ ራሱ ያወጣውን ስም ከቋንቋው የራሱ ቃል ወዲያው ይለየዋል ይላል። ወጥመዱ ያለው ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ ላይ ነው። ኪቦርዱን ከአማርኛ ሳይመልስ የሚጽፍ ጀማሪ በሴሚኮለን ቦታ ፤ን ያስገባል። ላያቸው ሰው ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ለኮምፓይለሩ ግን የአማርኛዋ የማትታወቅ ቁምፊ ናት። 15 አንድ ተማሪውን ሲረዳ መስመሩን ራሱ ደግሞ ጽፎት ሠራለት፣ ተማሪው ያንኑ ሲጽፍ አልሠራም። ምክንያቱ የተገኘው ፊደሏን በጣም አጉልተው ሲያዩዋት ነው። አዲስ የፓይተን ስሪት ቢሆን ኖሮ የማይገባ ቁምፊ መሆኗን ከነዩኒኮድ ቁጥሯ፣ 1364 ብሎ ይነግራቸው ነበር።

መልስ 16 እና 17

16 እስካሁን የተጻፈውን ያነበበ አይመስልም። ለማካፈሉ ጥያቄ ከሁሉ የሚያምረው መልስ በመጨረሻው ላይ ቀጥ ያለ መስመርና ዜሮ (| 0) መጨመር ነው አለ፤ ጃቫስክሪፕት ነጥብ ያለውን ክፍል ይጥለዋል። 17 ተቆጣ፤ የተቆጣውም በሁለት ነገር ነው። አንደኛ ዘዴው የሚሠራው 32 ቢት ውስጥ ለሚገባ ቁጥር ብቻ ነው፣ ውጤቱ ከ2147483647 ሲያልፍ የማይገናኝ ቁጥር ይወጣል። ሁለተኛ፣ ጀማሪ እንዲህ ያለውን መስመር አንብቦ ምን እንደሚሠራ ሊገምት አይችልም። ኮዱን ማሳመር የምንፈልገው ለማን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ከዚህ የከረረም ቃል ተናገረ፣ እሱን እዘለዋለሁ። ልክ ነበር፣ ግን 16 ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

መልስ 18

ጀማሪዋ ራሷ መጣች። ወይም መጡ ልበል። በጨዋ ቃል የጀመሩት፣ ልጅቷ እየተባለ የሚወራላቸው ሰው የሁለት ልጆች እናትና የሂሳብ ሠራተኛ መሆናቸውን በማሳወቅ ነው። ምሽቱን ሙሉ አመሸች መባሉ ትክክል ነው፣ ማካፈል አቃታት የሚለው ግን አይደለም።

ያኔ ማታ ድርብ ስላሹን እንዳስገቡ አንድ ነገር አይተዋል። ከስላሾቹ ወዲህ ያለው 7 ቁጥር እንደሌሎቹ ቁጥሮች ቀለም ነበረው፤ ከስላሾቹ ጀምሮ እስከ መስመሩ መጨረሻ ግን ጽሑፉ ግራጫ ሆነ። ይህንኑ ወዲያው ለጠያቂው ጻፉለት፣ ግራጫ መሆኑ ችግር አለው ወይ ብለው። የመጣላቸው መልስ ቀለሙ ለዓይን ማማሪያ ስለሆነ አያሳስብሽ የሚል ነበር። አመኑት። ጠዋት ላይ የትምህርቱን ፋይል ከላይ ሲያነቡ፣ መምህሩ ለተማሪ ብሎ የጻፋቸው ማብራሪያዎች ሁሉ ያው ግራጫ መሆናቸውን አስተዋሉ። ማብራሪያዎቹ ኮድ እንዳልሆኑ ያውቃሉ። የራሳቸውን መስመር መልሰው አዩ፣ 2 ቁጥሯም ከማብራሪያ ተደባልቃ ግራጫ ለብሳለች። ስላሾቹን አጥፍተው ፍለጋ ገቡና ትራንክን ራሳቸው አገኙት፤ 1 ክሩ ላይ ከመጻፉ አንድ ቀን በፊት ነው።

በ4 ስድብም በ2 ምስጋናም ላይ ምንም አላሉም። የኔን የሰላም ርዝመት ግን ጠቅሰዋል፣ ፈገግ እንዳሰኛቸው።

መልስ 19

ጠያቂው ነው፣ ከ12 ሰዓት ዝምታ በኋላ። መጀመሪያ ልጅቷ ስላላቸው ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚህ መስመር ጀምሮ እርስዎ ነው የሚላቸው። ከዚያ የዚያን ምሽት መልእክቶች መልሶ እንዳነበበ ጻፈ። የግራጫው ጥያቄ እዚያው አለ፣ ሁለተኛው መልእክት ላይ። የሱም መልስ ከሥሩ አለ፣ ጥያቄው በደረሰው በዚያችው ደቂቃ የተላከ። በእሱ ስክሪን ላይ ፋይሉ የፓይተን ስለነበር መስመሩ ምንም ቀለም አልቀየረም፤ ስለዚህ እሳቸው የሚያዩትን እሱ አያይም ነበር፣ ስክሪንሹት ላኪልኝ ማለትም አልመጣለትም። ጃቫስክሪፕት ባያውቅም ያቺን ግራጫ ቢያይ ኖሮ ይነቃ እንደነበር እርግጠኛ ነው፤ ፓይተን ላይም ኮሜንት ሲጽፍ የሚያየው ያንኑ ቀለም ነውና። የመክፈቻ ጽሑፉን አላጠፋውም፣ ከሥሩ ግን መልስ 18ን ሳታነቡ አትመልሱ የሚል መስመር ጨምሯል።

መልስ 20

18ን አንብቧል። የሱ ኤዲተር፣ ኮድ የሚጽፍበት ፕሮግራም፣ ኮሜንት የሚያሳየው በአረንጓዴ ነው፤ ግራጫው የየትኛው ቲም፣ የየትኛው የቀለም ምርጫ፣ እንደሆነ ጠየቀ። እስካሁን የመለሰለት የለም።